ማንም የለም፣ ጎረቤት ነው

ለእናቴ ሞባይል የላኩላት ወሬ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ልብ በሉልኝ፤ እንዳይወጣ ብዬ! ይህን ስነግረው የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

ከዚያ በፊት የምንገናኘው በሰው ስልክ ነበር። ደሴ ውስጥ ከእናቴ ቤት ሦስት ቤት አልፎ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አለ፤ በዚያ ሰፈር ስልክ ያለው እሱ ብቻ ነው። እኔ ከሴንት ፖል እደውልና «እናቴን ጥሩልኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ መልሼ እደውላለሁ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የምትጠራው እናቴ ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ይጠራል። ከአሜሪካ ተደውሎ ማን ቤቱ ይቀመጣል? አንዷ ትቀበላለች፣ «ብርዱ እንዴት ነው? ወፈርሽ ወይስ ከሳሽ?» ትላለች፣ ለሚቀጥለው ታቀብላለች። የነጋዴው ሚስት ዳንቴል ከለበሰው ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ተራ ታስጠብቃለች። እናቴ ጋ ሲደርስ ኮሊንግ ካርዱ ውስጥ ያለችው ፈረንጅ አንድ ደቂቃ ቀርቶሻል ትለኛለች። በዚያች አንድ ደቂቃ እናቴ «ደህና ነሽ?» ትላለች፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ይቋረጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ከወለደችኝ ሴት ጋር የተነጋገርነው ይኸው ነበር።

ደግሞ ደህና አልነበርኩም።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚህ ብጀምር ይሻላል፤ ይህን ታሪክ ከእኔ ቀድመው ያወሩት ሰዎች ወይ እሱን ክፉ አድርገውታል ወይ እኔን። የአገሬ ልጅ ነው፣ እናቱም ደሴ ናት፣ አሜሪካ ያመጣኝም እሱ ነው። ታክሲ ይነዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከኤርፖርት የሚጭናቸውን ሰዎች ሲያጫውት ይውልና ቤት ሲገባ ቃል ያልቅበታል። ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ይበላል፣ «አልሃምዱሊላህ» ይላል፣ ይተኛል። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ወዴት ወጣሽ ወዴት ገባሽ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ክረምት በጉንፋን ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቼ ሶፋ ላይ ተጠቅልዬ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ኦፍ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ሁለቱን ቀን አላየኝም ማለት ነው። ያኔ ነው ልቤ የቆረጠው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የነበረችኝ አንዲት ጓደኛ ናት። እሷም የደሴ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ አገር ቤት ሳለን አንተዋወቅም ነበር፣ ነገር ግን አክስቷ ከእናቴ ጋር አጥር ይጋራሉ። የተዋወቅነው ሚኒያፖሊስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። እኔ እንግሊዝኛ ገና ሳይገባኝ ሐኪም ፊት ስቀርብ እሷ ነበረች አስተርጓሚዋ። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት እየዞረች ለአገሯ ሴቶች ታስተረጉማለች። የስንቱን ሴት ማኅፀን፣ የስንቱን ሴት ለቅሶ ተሸክማ ትዞር እንደነበር እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን «እገሊት እንዲህ ናት» ብላ አታውቅም። በስኖው መኪና መንዳት ያስተማረችኝም እሷ ናት። ፍሬን ረግጬ መኪናው ሲሽከረከር እኔ «ያረቢ!» ስል እሷ «ማርያም!» ትላለች፤ ከዚያ ተያይዘን እንስቃለን።

ታዲያ ሞባይል ደሴ ገባ ሲባል ነቃሁ። አንዲት ሴትዮ ለሠርግ አገር ቤት ልትሄድ ነው ሲሉኝ ሮጬ ሄጄ የየትኛውንም አገር ሲም የሚቀበል፣ ቁልፉ ትልልቅ የሆነ ስልክ ገዛሁ። ሻጩ ሶማሌ ነው፤ «ለእናቴ ነው» ስለው የአንገት ማንጠልጠያ መረቀልኝ። ወንድሜ ሲም ካርድ ለማውጣት ሁለት ቀን ተሰለፈ። ሦስተኛው ቀን ላይ ደወልኩ፤ የነጋዴው ሚስት የለች፣ ተራ የለ፣ እናቴ ራሷ አነሳችው።

«እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ሰው የለም?»

«ኧረ ማንም የለም! ምን ሆነሻል?»

አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ የእኔ ብቻ ሆነች ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን መደወል ሆነ ሥራዬ። የምሠራው አዛውንቶች የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው፤ ሺፍቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ቤት ገብቼ እንዳልደውል ባሌ አለ። ስለዚህ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አስነስቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ኮፍያዬን ፊቴ ድረስ ስቤ እደውላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፄን እቀንሳለሁ፤ አማርኛ የሚሰሙ ይመስል! እናቴ አሁንም በጩኸት ነው የምታወራው። ድምፁ አንዳንዴ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያስተጋባል፤ ኔትወርክ ነው አልኩ። አልፎ አልፎ ሳል ይሰማኛል፤ እናቴን ደረቷን አሟታል ብዬ በሰው እጅ የሳል ሽሮፕ ላኩ። ሁለት ጠርሙስ!

በመጨረሻ ቤት ለመልቀቅ ወሰንኩ። ጓደኛዬ ከሥራ በኋላ በመኪናዋ ይዛኝ ዞረች፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ክፍል ያለው አፓርትመንት አገኘን፤ መስኮቱ አውቶብስ ፌርማታ ላይ ነው የሚያየው። ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን ማለቴ ነው፣ ፈረምኩ። አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከባሌ ጋር በዓሉን በሰላም አሳልፈን፣ ሰው ሲበተን፣ እኔው ራሴ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ልነግረው አሰብኩ። ሌላ ነገር ሁሉ ቢቀር ይህቺን ፈለግኳት፤ ከእኔ አፍ እንዲሰማ። ያመጣኝ እሱ ነው፣ አልበደለኝም፣ ይህቺን ያህል ይገባዋል። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ቃሉን እለማመድ ነበር። «ስማ፣ ትንሽ ቁጭ በል» ብዬ ነው የምጀምረው።

ይህን ነገር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጓደኛዬ፣ ቤቱን አብራኝ ያየች። እናቴ፣ ያለ ዱዓዋ እግሬን ማንሳት ስላልቻልኩ። ለእናቴ የነገርኳት ያው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሶፋውንም፣ የጉንፋኑንም፣ ሁለተኛ ፎቁንም፣ ፌርማታውንም።  ከዚያ «አብሽሪ፣ ልጄ» አለች። «ለማንም እንዳትናገሪ እማዬ፤ ከአረፋ በኋላ እኔው እነግረዋለሁ» አልኳት። «ወላሂ ትንፍሽ አልልም» ብላ ማለች።

በአራተኛው ቀን ባሌ ከሥራ መጣ። ጫማውን አላወለቀም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመና «ኮሎምቢያ ሃይትስ ሁለተኛ ፎቅ ነው አሉ» አለኝ።

የያዝኩት ድስት ነበር፤ መልሼ ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ነገረህ?»

«እናቴ ሚስኮል አደረገችልኝ። መልሼ ስደውልላት እያለቀሰች ነው። ሚስትህ ቤት ተከራይታ ልትወጣ ነው፣ አንተ አታውቅም ወይ አለችኝ። ፌርማታው ሳይቀር ታውቃለች።» ከዚያ «ከአንቺ አፍ ብሰማው ምን ነበረበት?» አለ።

በአምስት ዓመት ውስጥ ካናገረኝ ንግግር ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።  ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ነገሬ ግን ደሴ ደርሶ ዞሮ ነው እሱ ጋ የገባ። ልብሱን ይዞ ጓደኛው ቤት ሄደ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ደወሉ። «ልጄ፣ ተደብቆ ቤት መከራየት ከአንቺ አይጠበቅም ነበር» አሉኝ። ተደብቆ! የእኔ ነገር ስሙ በአንድ ቀን ተደብቆ ሆኖ አረፈው።

ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ፈረድኩ። ሁለት ሰው ነው የሚያውቀው። እናቴ በወላሂ ምላለች፤ ስልኳ የግሏ ነው፣ አንገቷ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ማንም አይሰማትም። ጓደኛዬስ? ቤቱን በዓይኗ ያየች እሷ፣ ፌርማታውን ያየች እሷ፣ የእናቴን አጥር የምትጋራ አክስት ያላት እሷ፣ ለአክስቷ በየእሁዱ የምትደውል እሷ። በቃ፣ ተገኘች! አለመጠርጠሬ ራሱ አናደደኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እሷው ደወለችልኝ። «ስኔሊንግ ነን፤ ነይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለችኝ። ስኔሊንግ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ያሉበት የሴንት ፖል መንገድ ነው። መጣሁ አልኳት። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም።

ሬስቶራንቱ ሞቅ ብሏል። እሷ ከአራት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ሐኪም ቤት ሲሄዱ እሷን የሚጠሩ ናቸው። የነቢያት ጾም ነበርና ሽሮ ከፊቷ ነው። ስታየኝ ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ኮቴንም አላወለቅኩም።

«ለአክስትሽ አሳምረሽ ነገርሻት አይደል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለች ደግሞ! ትዳሬን ነዋ! እንጀራው ከፊትሽ ነው፤ እስቲ ማይልኝ! ትንሽ አታፍሪም? እኔ እህት ብዬ የሆዴን ሳወጣ አንቺ እሁድ እሁድ ለደሴ ዜና ታነቢያለሽ!» ድምፄ እየጨመረ ሄደ፤ ራሴን እሰማዋለሁ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። «እናንተም እዚህች ፊት ነው ልብሳችሁን የምታወልቁት። ዛሬ የእኔ ነው የወጣው፤ የእናንተ ነገ ነው!»

 ሽሮው ይንተከተካል። ጓደኛዬ እጇን በሶፍት ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ።

«ጨርሰሻል?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም!» አልኩ፤ ግን የምለው ነገር አልቆብኝ ነበር። ኮቷን አነሳችና ወጣች። አልካደችም። አለመካዷን እንደ ማመን ቆጠርኩት፤ ለወር ያህል ለሰው ስናገር «አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም እኮ!» እያልኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፤ ቁጥሯን ሳይ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ያ የተናገርኩት እንደ እሳት ነው የተዛመተው። ከአራቱ ሴቶች አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ «ያቺን አስተርጓሚ አልፈልግም» አለች። ሌላዋም ተከተለች። ሐኪም ቤቶቹ የማይታወቅ ሰው በስልክ መስመር እያገናኙ ያስተረጉሙላቸው ጀመር፤ ሴቶቹ «ይሻላል፣ ቢያንስ ፊቱን አናውቀውም» ይሉ ነበር። ጓደኛዬ ጋ የሚመጣው ሥራ ቀነሰ፤ ቅዳሜና እሑድ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ይህን ይዘላል፤ እኔ አልዘልም። «እሰይ!» ነው ያልኩት፤ በአፌ ሙሉ።

አረፋን ብቻዬን በአዲሱ ቤቴ ዋልኩ። ክረምቱ ረዘመ። ከሥራ እመጣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ አውቶብሱ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ሲሄድ አያለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው የምለው እናቴን ብቻ ሆነ። በየቀኑ ማለት ይቻላል እደውላለሁ። ለጓደኛዬ እነግራት የነበረውን ሁሉ ወደ እሷ አዞርኩት። የነገርኳትን ብዘረዝር አፍራለሁ። ስለ ባሌ የመኝታ ነገር፣ ስለ ራሴ ገላ፣ የወር አበባዬ ስለ መዛባቱ፣ ሰው ናፍቆኝ የነርሲንግ ሆሟን አሮጊት እጅ ይዤ ስለ ማልቀሴ። እናቴ ትሰማለች፣ «አብሽሪ» ትላለች፣ ዱዓ ታደርጋለች። እንዲህ ያለ ጆሮ በዓለም ላይ የለም ብዬ አመሰግን ነበር።

ስኖው ቀልጦ ዛፉ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ነው። ሺፍቴ አልቆ ያው ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ እናቴን አወራታለሁ። ያን ቀን ሆድ ብሶኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ፣ ልጅ ሳልወልድ ሊቀር ነው፣ ከእንግዲህ ማን ያገባኛል፣ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። እናቴም አለቀሰች። ከዚያ ዱዓ ጀመረች፤ እናቴ ዱዓ ስትጀምር ወሎ ውስጥ የሚስተካከላት የለም።

«አላህ ያጣሽውን ይተካልሽ! የሚሰማሽ ባል ይስጥሽ! ማኅፀንሽን ከፍቶ በልጅ ይካስሽ!»

«አሚን!»

እኔ አይደለሁም። እኔ ገና አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነው። አሚን ያለው ስልኩ ነው። አንድ ሰው አይደለም፤ ቤት ሙሉ ሰው ነው፤ ሴቱም፣ አሮጊቱም፣ ወፍራም የወንድ ድምፅም አለበት። የወንድ ድምፅ! 

«እማዬ፣ ማን አለ እዚያ?»

 አንድ ሰው «አይ፣ አበላሸነው» ሲል ሰማሁ።

«እማዬ!»

«ኧረ ማንም የለም፤ ጎረቤት ነው» አለች።

«ጎረቤት ማለት ማን?»

«ጎረቤት ነዋ። የምታውቂያቸው ናቸው። አሳድገውሽ የለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሙን ያስገባላቸው ሰውዬ እናቴ ጆሮዋ ከበድ እንዳላት አይቶ ድምፁን ለክፍሉ የሚለቀውን ቁልፍ አሳያት። እናቴ ይህን ስታይ ከሰማይ የወረደ በረከት አደረገችው። በነጋዴው ቤት ሰው ሁሉ ተራ ሲጠብቅ ካርዴ ያልቅ አልነበር? አሁን ተራ ቀረ፤ ሁሉም ባንዴ ይሰማል፣ የእኔም ካርድ አይባክንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስልኩ መሀል ይቀመጣል፣ እናቴ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ፣ ልጄ ልትደውል ነው» ትላለች። ሳሉም የእሷ አይደለም፤ ሽሮፑን የጠጣው ማን እንደሆነ አላህ ይወቅ።

«ወላሂ ብለሽ ማልሽልኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልተናገርኩም! ለማን ተናገርኩ? ቁርአን ይምታኝ! ሰምተው ነው እንጂ እኔ አንዲት ቃል አልወጣኝም።»

እና ይህን ስትል ከልቧ ነው። ቃሏን ጠብቃለች። እሷ ዘንድ ሰው ማለት ሌላ ነው፣ ጎረቤት ሌላ ነው።

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። አንዷ «እኔ የዚያን ቀን ለቅሶ ሄጄ አልነበርኩም» ትላለች። ሌላዋ «ልጄ፣ ለባልሽ እናት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ግን ለክፋት አይደለም፣ ሳይፋቱ ይታረቁ ብዬ ነው» ትላለች። ሰውየው «አፉ በይን» ይላል። በመሀል አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች፤ «የክርስቲያኗ ጎረቤታችሁ ብቻ የዚያን ቀን ይህ አይሰማም ብላ ተነስታ ወጣች። ለእህቴ ልጅ እነግራታለሁ፣ ለልጅሽ ታስታውቃታለች ብላ ነበር። አልነገረችሽም እንዴ?»

ያቺ ተነስታ የወጣችው የጓደኛዬ አክስት ናት። ስልኩን ዘጋሁት። ለእናቴ «ሁለተኛ አልደውልልሽም» ብያት ነው የዘጋሁት።

ሦስት ሳምንት አልደወልኩም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ መሀል እንደሚቀመጥ እያወቅኩ አልደወልኩም። ከዚያ ጓደኛዬን ፍለጋ ሄድኩ። ስደውል ቁጥሯ አይሠራም፤ ሚኒያፖሊስ ትልቁ ሐኪም ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች አሉኝ። ሎቢው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅኳት። እኩለ ቀን ላይ ባጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሊፍት ወጣች። ከስታለች። አየችኝና ቆመች፤ አልሸሸችም።

«አፉ በይኝ» አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

ግድግዳው ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የሆነውን ነገርኳት፤ የአሚኑን ስነግራት ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ወድቃ በሳቀች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አክስቴ አርብ ነገረችኝ። ቅዳሜ ነይ ያልኩሽ ለዚያ ነበር። ለብቻሽ ወደ ጎን ወስጄ ልነግርሽ።»

«ታዲያ ስሰድብሽ ለምን ዝም አልሽ? አንዲት ቃል ብትይኝ!»

«እዚያ ሁሉ ሴት ፊት እናትሽ ናት ልበልሽ? በማግስቱ ስኔሊንግ በሙሉ የእናትሽን ስም እንዲያነሳ? እሷን በስልክ ብቻ ነው የምታውቂያት አሁን፤ ከዚያ ስልክ ሌላ የላችሁም። ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። ከዚያ ተውኩት። ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም እኮ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«አሁን ታወሪያታለሽ?» አለችኝ።

«ማንን?»

«እናትሽን።»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «ይኸው። ይህን ነው የፈራሁት» አለች። ቦርሳዋን አነሳች። «ዛሬ ደውይላት። እኔም አፉ ብያለሁ፣ ከልቤ ነው፤ በሆዴ አልያዝኩብሽም።»

 ለአራቱም ሴቶች በየቤታቸው ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት፤ ነገርኳቸውም፤ ሁለቱ መልሰው ጠሯት፣ ሁለቱ አልጠሯትም። እንባዬን ጠረግኩ። ጓደኛዬ ተመለሰችልኝ ብዬ፣ እንደ ድሯችን ወደ እሷ ጠጋ አልኩና «ደግሞ ምን ልንገርሽ» አልኳት፤ «ባለፈው ሳምንት እሱ ደወለልኝ፤ ተመለሽ ብሎ…»

እጇን አነሳች። ቁጣ የለበትም፤ በሽተኛ ብዙ ሲያወራባት እንደምታደርገው ቀስ አድርጋ ነው።

«አይ፤ ለእኔ አትንገሪኝ» አለች። «ሰላም እንባባላለን፣ ስትታመሚ እጠይቅሻለሁ፣ ስትወልጂ እመጣለሁ። የቤትሽን ነገር ግን አትንገሪኝ። ነገ ከሌላ ሰው አፍ ከወጣ እንደገና ወደ እኔ ነው የምትመጪው።»

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነን ነው፤ ቃሏን አንድም አላጓደለችም። ስታመም ጠይቃኛለች፣ ከእሱው ጋር እንደገና ስንጋባ ለሠርጌ መጥታለች፣ ልጄን ስወልድ ገንፎ ይዛ መጥታለች። ከባሌ ጋር እንዴት እንደታረቅን፣ ለምን እንደተመለስኩ፣ ልክ ይሁን ስህተት፣ ግን እስካሁን የነገርኩት ሰው የለም። ያን ቀን ማለት የቻልኩት «እሺ» ብቻ ነው።